ደፈጣ በጣና ዳር፦ ጉማሬ ስንጠብቅ የከረምንባቸው ሦስት ሌሊቶች

ረቡዕ፣ ጥር 27 ቀን 2012 ዓ.ም. — ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር

የእህቴ ባል ሚኒሶታ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት መኖር ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። በዚያ አገር የድብ አደን የሚከፈተው የእኛ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ ድቦቹ ብርዱን ተኝተው ለማሳለፍ ስብ የሚያጠራቅሙበት ጊዜ ስለሆነ የሚበላ ነገር ፍለጋ ይዞራሉ። አዳኙም ፈቃዱን አውጥቶ፣ ጫካ ውስጥ ማማለያ ምግብ አስቀምጦ፣ ጨርቅና ቅጠል በለበሰች ጠባብ መደበቂያ ውስጥ ወይም ዛፍ ላይ በታሰረ ወንበር ላይ ከቀትር በኋላ ጀምሮ እስኪጨልም ድረስ ቁጭ ይላል። አማቼ በመጀመሪያው ዓመት ዘጠኝ ምሽት ተቀምጦ የድብ ጆሮ እንኳ ሳያይ መመለሱን ሲናገር ከድምፁ ቁጭት ሳይሆን ኩራት ይሰማል።

ለጥምቀት አገር ቤት በመጣበት ሰሞን «እዚህስ እንዲህ ተቀምጠው የሚጠብቁት አውሬ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ድብ በአገራችን የለም፤ ጣና ዳር ግን ጉማሬ እንዳለና ሌሊት ሌሊት ከውኃ እየወጣ እንደሚግጥ ነገርኩት። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ እኛም የመግደል አሳብ ስላልነበረን በጠመንጃ ፈንታ ካሜራ ይዘን ለመሄድ ተስማማን። ቀኑን የቆረጠው እሱ ነው፤ ጨረቃ የካቲት 1 ቀን ሙሉ እንደምትሆን አይቶ፣ እስከዚያ ያሉትን ሌሊቶች መረጠ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ ተነሣን። ቲኬቱ ለአንድ ሰው 430 ብር ነበር። እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ የምጽፈው ነገር የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። ጎሃ ጽዮንን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር የፍሬን ሽታ ቀሰቀሰኝ። ድልድዩን ተሻግረን፣ ዳገቱን ጨርሰን፣ በአንድ ኬላ ላይ ለፍተሻ ስንወርድ የጉዞው የመጀመሪያ ችግር ገጠመን። ከአማቼ ሻንጣ ውስጥ ለድብ አደን የሚለብሰው ቅጠልያ ዥንጉርጉር ሱሪና ጃኬት ወጣ። ፈታሹ ልብሱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይህ የማን ወታደር ነው?» ሲል የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። የድብ ልብስ መሆኑን ለማስረዳት የፈጀብን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያንስም፤ ድብ የሚለው ቃል ነገሩን እንዳባባሰው እንጂ እንዳላቃለለው ዛሬም አምናለሁ። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ ገፋ ያለ አለቃ መጥተው አማቼ ስልኩ ላይ ያስቀመጠውን የጫካ ፎቶግራፍ ተመለከቱና ልብሱ ተመለሰልን፤ ነገር ግን «በዚህ አገር እንዳትለብሰው» ተብሎ ነው። እንደተባለውም ከሻንጣ ሳይወጣ ወደ አሜሪካ ተመልሷል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ለምሳ ቆምን። የጾም ቀን ስለነበረ ለሁለታችን በያይነቱ አዘዝን፤ 65 ብር። ከዚያ ወዲያ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ኮሶበር፣ ዳንግላ እያለ መንገዱ ራሱ ይወስዳል። ባሕር ዳር የገባነው 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ከከተማው መሐል ወደ ሐይቁ ገባ ባለ ሰፈር ሁለት አልጋ ያለው ክፍል በ380 ብር ያዝን። የወባ አገር ስለሆነ ከመጸዳጃ ቤቱ በፊት ያየሁት አጎበሩን ነበር፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረው፣ እሱንም በማስቲካ ደፈንኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 28 — ባሕር ዳር

ጠዋት ጀልባ ለመከራየት ወደ ወደቡ ወረድን። ባለጀልባው የደብረ ማርያምን ገዳም አሳይቶ፣ ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን አዙሮ ለመመለስ 700 ብር ጠየቀ፤ በ500 ተስማማን። ወጣቱ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ውኃው ላይ አረፋ በታየ ቁጥር ሞተሩን አቀዝቅዞ «ጉማሬ!» ይላል። እውነተኛው ጉማሬ የታየን በአራተኛው «ጉማሬ!» ላይ ነው፤ ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ዓይን፣ ከፊታቸው ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ብቅ አሉና፣ ውኃ በአየር ተረጨ፣ ከዚያም ምንም እንዳልነበረ ተዘጋ። ጉማሬ አምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይዞ መቆየት ስለሚችል፣ በጀልባ የመጣ ጎብኚ ሰዓቱን እያየ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ይሄዳል። አማቼ በመመለሻችን ላይ «ይህ ማየት አይባልም፤ እሱ እኛን አየ እንጂ» አለ።

ምሳ ዓሣ በላን። ባሕር ዳር ገብቶ ሐሙስ ቀን ዓሣ አለመብላት ነውር ይመስለኛል። አንድ ሙሉ ቀረሶ ጥብስ ከዳጣና ከሎሚ ጋር 110 ብር፣ አንድ የዓሣ ጉላሽ 85 ብር ነበር። አማቼ ከሚኒሶታ ሐይቆች በበረዶ ቀዳዳ የሚያወጣውን ዓሣ እየጠቀሰ ያወዳድር ጀመር፤ ከዚያ ግን የቀረሶውን ጭንቅላት መምጠጥ ሲጀምር ዝም አለ።

ከሰዓት በኋላ ደንገል ወደሚታሰርበት ዳርቻ ሄድን። እዚያ ታንኳ የሚሠሩት አባት ከነገደ ወይጦ ወገን ናቸው። የደንገሉን እስር በጉልበታቸው ጠፍረው፣ በእጃቸው እያጠበቁ፣ ቀና ሳይሉ ነበር ያነጋገሩን። አያት ቅድመ አያቶቻቸው በጣና ላይ በታንኳ ጉማሬ ያድኑ እንደነበር፣ ሥጋውንም ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ለብዙ ዘመን አብረዋቸው ማዕድ እንዳልቀረቡ አጫወቱን፤ ይህን ሲናገሩ እጃቸው አልቆመም። የጉማሬ ቆዳ ግን ጋሻም አለንጋም ሆኖ በየጌታው ቤት ይገባ ነበር። «ቆዳው ንጹሕ፣ እኛ ርኩስ» አሉና ገመዱን ሳቡት። ከዚያ እንደኛ ያሉ ሰዎች ጉማሬ የሚጠብቁበትን ቦታ ስንጠይቃቸው ሳቁ። «ጉማሬ መጠበቅ ከፈለጋችሁ እንግዲያው የበቆሎ ባለቤት ዘንድ ሂዱ» ብለው፣ ከዓባይ መውጫ በስተ ምሥራቅ በመስኖ በቆሎና ሽንኩርት ወደሚያለማ አንድ ገበሬ መሩን፤ በልጃቸውም አስያዙን።

አርብ፣ ጥር 29 — የመጀመሪያው ሌሊት

ባጃጅ እስከ አስፋልቱ ጫፍ በ60 ብር ወሰደን፤ ከዚያ አንድ ሰዓት የሚጠጋ እግር። ባለመሬቱ ስልሳ የሆናቸው፣ ቀጭን፣ የጎጃም አረንጓዴ ቁምጣና ሸሚዝ የለበሱ አባት ናቸው። ያንን አረንጓዴ ልብስ በበቆሎው መካከል ሳየው ከአማቼ ዥንጉርጉር የበለጠ መደበቂያ መሆኑ ገባኝ፤ ሰውየው አሥር ሜትር ላይ ቆመው ሳለ የጠራኋቸው ሌላ አቅጣጫ ዞሬ ነው።

የመጣንበትን ስንነግራቸው ለረጅም ጊዜ አሰቡና «ድብ ምን ዓይነት አውሬ ነው?» ብለው አማቼን ጠየቁት። መልስ ሳይሰጥ ራሳቸው ቀጠሉ፤ «ዳዊት በጎቹን ሲጠብቅ ከአንበሳው ጋር የገደለው ነው አይደል?» አሉ። አማቼ ያው መሆኑን ገልጦ፣ እርሱ ግን ተደብቆ እንደሚጠብቀው ሲነግራቸው «ዳዊትስ በጎቹን ነው የጠበቀ» ብለው ነገሩን ተዉት።

ከዚያ መንገዱን አሳዩን። የጉማሬ መንገድ እንዲህ መልክ እንዳለው አላውቅም ነበር። የሁለት ጎን እግሮቹ ተራርቀው ስለሚረግጡ መንገዱ እንደ ጋሪ መንገድ ሁለት ጎድጎድ ያሉ መስመሮች አሉት፤ በመካከላቸው ሣር የበቀለበት ጀርባ ይቀራል። ጭቃው ላይ ባለ አራት ጣት ዱካ አለ፤ መዳፌን ዘርግቼ ባስቀምጠው ዱካው ተርፎ ወጣ። በመንገዱ ጎን ያሉት ቁጥቋጦዎች እስከ ወገቤ ድረስ ፋንድያ ተረጭቶባቸዋል፤ ወንዱ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዘ ፋንድያውን የሚበትነው ግዛቱን ለማሳወቅ ነው። አባት «አጥሬን እሱ ነው የሚመርግልኝ» አሉ።

አንድ ጉማሬ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ያህል ሣር ይግጣል። ሣሩ እያለ በቆሎ ምን ያደርግለታል ብዬ ስጠይቅ፣ በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ በፓምፕ የሚጠጣው በቆሎ ብቻውን ለምለም ሆኖ እንደሚቆም አስረዱኝ፤ ከሚበላው ይልቅ የሚረግጠው ይብሳል። ስለዚህ በየሌሊቱ እርሳቸው ወይም ልጃቸው ማማ ላይ ወጥተው፣ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ እየደበደቡ፣ ጅራፍ እያጮኹ ያድራሉ። ጅራፍና ቆርቆሮ ለአንድ ሌሊት ዝም እንዲሉልን ስንለምናቸው ሁለታችንንም በየተራ ተመለከቱን። «እናንተ እንዲመጣ ትጠብቃላችሁ፤ እኔ እንዳይመጣ እጠብቃለሁ» አሉ፤ ይህን ሲሉ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ሒሳብ እንደሚያሰላ ሰው ነው የተናገሩት። በመጨረሻ ጉማሬው ሣሩ ላይ እስካለ ዝም ሊሉ፣ ወደ በቆሎው ከዞረ ግን ጅራፉ እንዲጮኽ ተስማማን። ስለ ገንዘብ ስናነሣ «በኋላ እናያለን» አሉ።

አማቼና አባት የተጣሉት በቦታው ምርጫ ነው። አማቼ ከመንገዱ አርባ እርምጃ ርቆ፣ ወደ የብስ በኩል፣ ከድንጋይ ክምር ጀርባ እንዲሆን ፈለገ፤ አባት ግን ማማው ላይ ውጡ አሉ። በአንድ ነገር ብቻ ሁለቱም ተስማሙ፦ በጉማሬና በውኃ መካከል አይቆምም። ከ1,500 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ይህ እንስሳ በደረቅ መሬት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ሲደነግጥ ደግሞ የሚሮጠው ወደ ውኃው ስለሆነ በዚያ መስመር ላይ የቆመ ሰው ወዮለት። አማቼ አሸነፈ። የባሕር ዛፍ አጣና ተክለን፣ ደንገል ደርድረን፣ በእሾህ ዙሪያውን አጥረን፣ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ አንድ ክንድ የሚሆን መስኮት ተውን። ሥራው ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ መዳፌ ላይ የተሰነጠረው የደንገል ቅርፊት ይህን ስጽፍም አልሻረም።

ማታ 12 ሰዓት ገባን። ጨረቃዋ ሳይመሽ ወጥታ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሁሉ ደስ ይላል፦ ሳቢሳ የሚባሉት ወፎች ወደ ማደሪያቸው ሲሰለፉ፣ ከሩቅ የደብረ ማርያም ደወል፣ ውኃው ከሰማዩ ቀድሞ ሲጠቁር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጉልበት ይጀምራል፤ ከጉልበት ቀጥሎ ወገብ። ትንኙ አለ፤ ማንቂያ እንዳይሆን እጅ አይነሣም፣ ፊቱን በፎጣ መሸፈን ብቻ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ የጥር ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። እኔ በእንቅልፍና በረሃብ መካከል ሆኜ ከኪሴ የሽምብራ ቆሎ አውጥቼ አንዲት ፍሬ ብነክስ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድንጋይ የተፈለጠ መሰለኝ፤ አማቼ በክርኑ ጎሸመኝ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ፍሬ በምራቄ አርሼ እስክትለሰልስ መጠበቅ ሆነ፤ ጥበቃ በጥበቃ ላይ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን የአማቼ ስልክ ጮኸ። ሚኒሶታ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ የሥራ ባልደረባው የአንድ ቁልፍ ቦታ ሊጠይቀው ነው የደወለው። የደወሉ ዜማ እንዴት ያለ እንደነበር እዚህ አልጽፈውም። ዘጠኝ ምሽት ያለ ድብ የተቀመጠው ሰው፣ በሽምብራ ቆሎዬ ምክንያት የጎሸመኝ ሰው፣ ስልኩን ማጥፋት ረስቶ ነበር። ምንም አላልኩትም፤ አንድ ፍሬ ቆሎ ብቻ ጮክ አድርጌ ቆረጠምኩ።

እስኪነጋ አንድ ጃርትና ሁለት ቀበሮ አየን። ጉማሬ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 30 — ማማው ላይ

ጠዋት አባት መጥተው ምንም ሳይጠይቁ ከምድጃቸው አመድ በእፍኛቸው ይዘው መደበቂያችን ፊት ቆሙና በተኑት። አመዱ ቀስ ብሎ ወደ ሐይቁ ሄደ። ቀን ከሐይቅ ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስ ሌሊት መሬቱ ከውኃው ቀድሞ ሲቀዘቅዝ አቅጣጫውን ይገለብጣል፤ እኛም ሌሊቱን ሙሉ ከነፋሱ ራስ ላይ ሆነን የሳሙናችንንና የቡናችንን ሽታ ለጉማሬው ስንልክለት ነው ያደርነው። አማቼ ግንባሩን ያዘ። ድብ ከሁሉ አስቀድሞ በአፍንጫው እንደሚያውቅ፣ እዚያ ሽታ የሌለው ሳሙና ገዝቶ ልብሱን እንደሚያጥብ በአውቶቡስ ውስጥ ሲያስተምረኝ የመጣው እርሱ ነበር። የጣናን ነፋስ ግን የሚያውቀው ጣና ዳር ያደረ ነው።

ቀኑን ከተማ ውለን፣ በገበያው አንድ ቡናማ ብርድ ልብስ በ250 ብርና የጆሮ መሸፈኛ ኮፍያ በ40 ብር ገዝተን ተመለስን። የአባት ባለቤት እማማ ትናንት ስለ ቆሎው የሆነውን ሰምተው ኖሮ በኑግ የተለወሰ የገብስ ጭብጦ አዘጋጅተውልን ጠበቁን። «ይህ አይጮህም፤ ብሉ ልጆቼ» አሉ።

ማማው ከመንገዱ ወደ ጎን፣ አራት ሜትር ከፍታ ላይ በዋርካ ቅርንጫፍና በአራት አጣና የቆመ ነው፤ ሽታው ከላይ ያልፋል፣ ነፋሱም በጎን ይመታል። ሦስታችን ተጠጋግተን ተቀመጥን። በዚያ ሌሊት ያየነው ነገር ባይኖርም የሰማነው ብዙ ነው። አራት ሰዓት ላይ ከውኃው ውስጥ ከበርሜል ግርጌ እንደሚወጣ ያለ ሳቅ መሳይ ጩኸት ተነሣ፤ አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ከማዶ መለሰ። ሰባት ሰዓት ላይ ውኃ ከትልቅ አካል ላይ ሲንጠባጠብ፣ ጭቃ እግር ሲለቅ ሰማን። አባት የአማቼን ጉልበት ያዙ። ነገሩ በሸምበቆው ጫፍ ላይ ቆመ፤ ምናልባት ሩብ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ምክንያቱም ሰዓቴን ለማየት እጄን ማንሣት አልደፈርኩም። ከዚያ እንደመጣው ተመለሰ። አባት በእፎይታ፣ አማቼ በሐዘን፣ በአንድ ጊዜ ተነፈሱ።

እሑድ፣ የካቲት 1 — ሙሉ ጨረቃ

ቀኑ በዓል ይመስላል፤ ነገ የነነዌ ጾም ስለሚገባ በየቤቱ ያለው ሥጋና ወተት ዛሬ ማለቅ አለበት። እማማ ዶሮ ሠርተው፣ በዳጉሳና በጤፍ ቅልቅል እንጀራ አቀረቡልን፤ ጠላውም የዳጉሳ ነበር። አማቼ ሦስተኛ ጣሳ ሲቀርብለት እምቢ አለ፤ ማማ ላይ ሰባት ሰዓት ሙሉ ሽንት መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ትናንት ተምሯል።

ጨረቃዋ ፀሐይ ከገባች በኋላ ከፎገራ በኩል ሙሉ ሆና ወጣች። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ምንም የለም። ስለ መጠበቅ አንድ ነገር ልናገር፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ላይ ጉማሬውን ስጠብቅ የነበረ ሲሆን በሦስተኛው ላይ መጠበቄን ረስቼ ሣሩን፣ ውኃውን፣ የበቆሎውን ቅጠል ጥላ ብቻ ነበር የማየው። ከጥላዎቹ አንዱ ቦታውን እንደለወጠ ያወቅሁት ለዚህ ይመስለኛል። አባት ከእኔ ቀድመው አይተውታል፤ እጃቸው ጅራፉ ላይ ነበረ።

አወጣጡ ድምፅ አልነበረውም። ያ ሁሉ አካል፣ በርሜል የሚያህል ሆድ፣ በአጭር እግር ተሸክሞ፣ በዚያች ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ ራሱን ዝቅ አድርጎ መጣ። ጀርባው ገና እርጥብ ስለነበር ጨረቃዋ ላዩ ላይ ትንሸራተት ነበር። ከማማው ሃያ እርምጃ ያህል ላይ ቆመና መጋጥ ጀመረ። ጉማሬ ሣርን በጥርሱ አይነጭም፤ ግማሽ ሜትር በሚደርስ ሰፊ ከንፈሩ ይይዝና ራሱን ወዘወዝ አድርጎ ይነቅላል። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ ወፍራም አቡጀዲ ቀስ በቀስ ሲቀደድ። አንዴ ይቀድዳል፣ ያኝካል፣ ይተነፍሳል፤ አንድ እርምጃ። ትንፋሹ ከታች ሲመጣ የሽታው ዓይነት የከብት በረት ሳይሆን ዝናብ ያገኘው የኩሬ ጭቃ ነበር። ቀኝ ጆሮው ላይ የድሮ ቅዳጅ አለ፤ ጆሮውን ባርገበገበ ቁጥር ቅዳጁ ብቻውን ይዘገያል።

አማቼ ካሜራውን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣ። ሌንሱ ወዲያው ላብ ለበሰ። በኮፍያው ጠረገው፤ እንደገና ለበሰ። እንደገና ጠረገው። አንድ ፎቶግራፍ አነሣ፤ የመዝጊያዋ ቀጭ ማለት እንደ ቆሎዬ ጮኸች፣ ጉማሬውም መጋጡን አቁሞ ሁለት ጆሮውን ወደ ማማው አዞረ። ማንም አልተነፈሰም። በቦታዬ ተቀምጬ አንድ የማይረባ ነገር አሰብኩ፦ አጎበሩን የደፈንኩበት ማስቲካ። ከዚያ ጆሮዎቹ ተመለሱ፣ የአቡጀዲውም ድምፅ ቀጠለ።

ይህ ሁሉ ምናልባት ሃያ አምስት ደቂቃ ይሆናል። ቀጥሎ ጉማሬው ራሱን አነሣና ወደ በቆሎው ዞረ። በስምምነታችን መሠረት ጅራፉ በዚያች ቅጽበት መጮኽ ነበረበት። አባት ጅራፉን አነሡት፤ ግን አማቼ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ እንዳለ አዩና ክንዳቸውን አየር ላይ አቆሙት። እንስሳው ወደ መጀመሪያው መደዳ ገባ። አገዳ ሲሰበር ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ በአንድ ላይ ብዙ። የአባት መንጋጋ በጨረቃው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ክንዳቸው ግን አሁንም እንደተነሣ ነው። አማቼ ሌንሱን ይጠርጋል፣ ያነሣል፣ ይጠርጋል። «አባባ፣ ይበቃል፤ ያባርሩት» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቀድሜ ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ።

ጅራፉ እንደ ጠመንጃ ጮኸ። በዚያ አጭር እግር የሚሮጠውን ፍጥነት ማመን ያስቸግራል፤ በቆሎው ተከፈለ፣ መሬቱ ማማውን አንቀጠቀጠ፣ ውኃው ፈነዳ፣ ከዚያም ማዕበሉ ብቻ ሸምበቆውን ሲያወዛውዝ ቆየ። አባት ቆርቆሮውንም ሦስት ጊዜ መቱት፤ ከእንግዲህ ባያስፈልግም።

ሰኞ፣ የካቲት 2 — መልስ

ሲነጋ ወርደን የተሰበረውን ቆጠርን፦ 31 አገዳ፣ አብዛኛው እሸት የያዘ። የተበላው ከአምስት አይበልጥም፤ ቀሪው ተረግጧል። አማቼ 1,000 ብር ቆጥሮ ሰጣቸው። አባት አልተቀበሉም። «ክንዴን ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ማን አስገደደኝ?» አሉ። ብንለምንም፣ እማማም ቢገላግሉን፣ አልሆነም። በመጨረሻ ዓይናቸው አማቼ ግንባሩ ላይ ወደሚያስራት ትንሽ መብራት ሄደ፤ «ይችን ከተውክልኝ ይበቃኛል፤ የኔ ባትሪ ድንጋይ ይጨርሳል» አሉ። አማቼ ለመፍታት አንድ ሰከንድ አልፈጀበትም። መብራቷ በፀሐይ የምትሞላ፣ ቀይ ብርሃን ብቻ የምትሰጥ ናት፤ እንዴት እንደምትበራ ሲያሳያቸው እኔ ብሩን ጠቅልዬ ከእማማ የቡና ረከቦት ሥር አስቀመጥኩ።

የነነዌ ጾም ስለገባ ቁርስ አልነበረም፤ ቡና ግን ጠጣን። ከተማ ስንደርስ ምሳ ቤቱ ውስጥ ዓሣ አለመኖሩን አስተናጋጁ በይቅርታ ነገረን፤ ለነገሩ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ላይ ከጎናችን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እስክንወጣ አልተስማሙም። ሽሮ በላን፤ 45 ብር። ማክሰኞ ረፋድ በአውቶቡስ ተመለስን፤ በዚያው ኬላ ላይ ያው ፈታሽ ሻንጣውን ከፍቶ ልብሱን አየና «ድቡ ተገኘ?» ብሎ ዘጋው።

ከተነሡት 46 ፎቶግራፎች መካከል ጉማሬ መሆኑ የሚለየው በአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሌንሱ ባላበው ጭጋግ ውስጥ፣ የተቀደደው ጆሮ ከበቆሎ ቅጠል በላይ ብቅ ብሎ። አማቼ አሳትሞ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል። እንግዶቹ ድንጋይ ነው ይሉታል።

መጋቢት ሲገባ ለአባት ደወልኩላቸው። በቆሎው መሸጡን፣ ጉማሬው ሁለት ጊዜ ተመልሶ መምጣቱን፣ እማማም ብሩን ካገኙት በኋላ እንደተቆጡን ነገሩኝ። ስለ መብራቷ ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም አሉ። መብራቷ የተሠራችው አውሬው ሳይደነግጥ አዳኙ እንዲያይባት ነው፤ ይህንን ስንሰጣቸው ሁለታችንም አላሰብነውም ነበር።

«ወንድምህን ሰላም በልልኝ» አሉ፤ «መብራቷ ጥሩ ናት፤ ግን ጉማሬው አይፈራትም። ፊቱ ላይ ባበራበት ሣሩን ይግጣል። ለጥጆቹ ጋጣ አድርጌያታለሁ።»